የሐሙስ ሽቦ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

በባሕር ጨው ለታሸኸው ዘመዳችን ለዐብዲገኒ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ቀለጥክ ወይስ ገና ነህ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። አክስቴ ኢዶ ዳሃቦ ደህና ናት፣ ምላሷም ደህና ነው። እህቴ ሉብና ደህና ናት። ባጃጄ ከኋላ ጎማዋ በስተቀር ደህና ናት። ስለ ጎማው ዛሬ አላስቸግርህም፤ ቁጥሩን ብቻ ፖስታው ጀርባ ላይ ጽፌልሃለሁ፣ ምናልባት መንገድ ላይ ወድቆ ብታገኘው።

ደብዳቤ አይተህ አትደንግጥ፣ ሰው አልሞተም። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ ስለማላውቅ ፊደል ከሳትኩ እንደ መንገድ ጉድጓድ እየዘለልክ አንብበው። የምጽፈው ለሉብና የላክህላት ስልክ ስለታሰረ ነው። አዎ፣ ታስሯል። ዳኛዋም ዐቃቤ ሕጓም ኢዶ ዳሃቦ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾፌሩ ሳላሀዲን ዕቃውን መልካ ጀብዱ ላይ ሰጠኝ፣ አመጣሁት። ሉብና ካርቶኑን ስትከፍተው ፊቷ በራ። ኢዶ ግን መነጽሯን አድርጋ ተቀበለቻትና እንደ ጉምሩክ ፈታሽ ከላይ እስከ ታች፣ ከጎን እስከ ጎን አገላበጠችው።

«ቀዳዳው የታለ?» አለች።

«የቱ ቀዳዳ?»

«የኢርፎኑ ነዋ! ወይስ አንተ በልተኸዋል?»

«ኢዶ፣ ይሄኛው የለውም። ዘመናዊ ስለሆነ ነው። ያለ ሽቦ የሚሠሩ ሁለት ነጫጭ ፍሬዎች አሉት።»

«ሌባም ዘመናዊ አለው» አለችኝና ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

የቤታችንን ሕግ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ሽማግሌ ልከህ ሉብናን ከጠየቅክ ጀምሮ የምታወራት ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። የኢርፎኑ አንዱ ጆሮ ለሉብና፣ አንዱ ጆሮ ለኢዶ ዳሃቦ። የጽሑፍ መልእክት ክልክል ነው። «ሽቦው ምስክር ነው» ትላለች ኢዶ፤ «ጫፉ ለሁለት ቢከፈልም ግንዱ አንድ ነው። ለእኔ ሬት፣ ለእሷ ማር ሊያፈስ አይችልም።» አንተ እንግዲህ ምስክር የሌለው ስልክ ላክህ።

እንደዚያም ሆኖ ባለፈው ሐሙስ ልትፈቅድ ነበር፤ አንዱን ፍሬ ለራሷ፣ አንዱን ለሉብና አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ። የኢዶን ፍሬ ቀስ ብዬ ከእኔ ስልክ ጋር በብሉቱዝ አገናኘሁትና ከበር ውጪ ቆምኩ። ሉብና ያንተን ድምፅ ትሰማለች። ኢዶ የምትሰማው የእኔን ነው፦ አፍንጫዬን ይዤ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ «ሉብናዬ፣ ያቺ አሮጊት አሁንም አጠገብሽ አለች? መቼ ነው የምትተኛልን?» እያልኩ።

ዋላሂ፣ ድርያ ቀሚሷን ሰብስባ ስትነሳ ቤቱ ተነቃነቀ። ሸበጧ እኔን እስኪያገኘኝ ድረስ ሰፈሩን ዞርን።

«ማሾፌ ነው ኢዶ! እኔ ነኝ!»

«አንተ መሆንህን አውቄያለሁ» አለችኝ እየመታችኝ። «ግን ይቻላል ማለት ነው! ለአንዱ ጆሮ ሌላ፣ ለአንዱ ጆሮ ሌላ ማሰማት ይቻላል!»

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። ስልኩ ከእሷ የብረት ሣጥን ገብቷል፤ በእኔ ስልክ መደወልም ተከልክሏል። የሉብናን አሮጌ ስልክ ደግሞ አዲሱ በመጣ ቀን ወርሼ ታይዋን ገበያ ወስጄ ሸጬዋለሁ፣ ነፍስ ይማር። ከጾሙ በፊት የተባለውም ኒካህ «ይታያል» ተብሏል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የኢዶ ሃይማኖት።

ጥያቄዋን እንዳለ አደርስልሃለሁ፦ ቀዳዳውን ለምን አስወጣኸው? እሷን ለማስወጣት ነው?

እግረ መንገዴን እኔም ልጠይቅህ፦ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ስልክ ላይ መልስህ የሚዘገየው ለምንድን ነው? ከባልባላ ሰፈርህ እስከ ድሬዳዋ ድምፅህ በእግሩ ነው የሚመጣው?

አላህ ከክሬን ሥር ይጠብቅህ።

የምትወደው (እንደምትወደኝ አውቃለሁ) ፈሃድ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለፈሃድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የአላህ ሰላምና እዝነት ከአንተ፣ ከተከበሩት ከኢዶ ዳሃቦ፣ ከሉብናም ጋር ይሁን። እኔ ለጌታዬ ምስጋና ይድረሰውና ሥራዬ ላይ ነኝ። ወደቡ ሥራ በዝቶበታል፤ መልሴ የዘገየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ስልኩ የጻፍከውን አንብቤ አዝኛለሁ። ለኢዶ ዳሃቦ እንዲህ ብለህ አስረዳልኝ። ቀዳዳውን ያስወጣሁት እኔ አይደለሁም። አሁን አሁን የሚሠሩት ስልኮች ብዙዎቹ የላቸውም። ነጋዴውን ስጠይቀው «ስልኩ እንዲቀጥን ነው» አለኝ፤ ደግሞ «ውኃ እንዳይገባው ነው» አለኝ። ሌላ ነጋዴ ግን ሳቀና «ነጫጮቹን ፍሬዎች እንድትገዛ ነው» አለኝ። ሦስቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እኔን በሚመለከት ግን አንድም ክፋት የለበትም። ለራሴም የገዛሁት ይህንኑ ዓይነት ነው፤ አሮጌው ስልኬ ባሕር ገብቶብኝ ሁለቱን አንድ ላይ ገዛኋቸው።

በሳላሀዲን እጅ አንድ ትንሽ አዳፕተር ልኬያለሁ። አጭር ጅራት ያለው ነው። አንዱ ጫፉ የቻርጀሩ ቦታ ይሰካል፣ በሌላው ጫፍ ኢርፎን የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ሽቦ ያለው ኢርፎንም አብሬ ልኬያለሁ። ኢዶ ዳሃቦ እንደ ድሮው በአንድ ሽቦ ያዳምጡ።

ሆኖም አንድ ሐሳብ አለኝ። ከስልክ ይልቅ በደብዳቤ ብንገናኝ ምን ይመስልሃል? ደብዳቤ ክብር አለው። ሰው አስቦ ይጽፋል፣ አስቦ ይመልሳል። ለሉብናም ይህን ንገርልኝ። ደግሞ ከስልኩ መታሰር በፊት ባወራን ጊዜ ስለ ባሕሩ የነገረችኝ ሕልም ከልቤ አልጠፋም። ነጭ ጀልባ ላይ ሆና እኔን ስትጠብቅ ያየችውን ማለቴ ነው። ሥራ ላይ ሆኜ አስበዋለሁ።

ጎማውን መንገድ ላይ አላገኘሁትም። ሱቅ ውስጥ ግን አይቼዋለሁ።

ጤናና በረካ ለቤታችሁ ይውረድ።

ወንድምህ ዐብዲገኒ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስቦ ጸሐፊው ዐብዲገኒ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሰላምታው በኋላ፣ ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ከተከበሩት ከኢዶ ዳሃቦ» ስል ኢዶ ወደ በሩ ዞራ «ማን መጣ?» አለችኝ። አቦ፣ ድሬዳዋን ለቀህ የት ሄደህ ነው «እሳቸው» የተማርከው? እዚህ ሰው ሲከበር አይደለም፣ ሲጣሉት ነው እንዲህ የሚባለው። ይህንንም ጠርጥራሃለች።

አዳፕተሩ ደርሷል። ኢዶ ስታየው «ጅራት አበቀለ?» አለች፣ ግን ወደደችው። ሽቦውን በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትላ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስትደርስ ፈገግ አለች። ስልኩ ተፈታ። እኔም «ኢዶ፣ በሽቦ ላይ እኮ…» ብዬ ስጀምር ሸበጧን አየሁትና ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ።

ሐሙስ ደወልንልህ። ባላነሣህም ይሻል ነበር።

አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። ይሄ አዲስ ስልክህ ድምፁ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ። በአሮጌው ስልክ ሹ… የሚለው ነገር ሁሉ አሁን ጠርቶ ይሰማል። ሉብና «ደህና ነህ?» አለችህ። ድምፅህ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ክፍልህ ውስጥ የሚነፍሰው ማራገቢያ እንኳ ጠፋ፤ አንድ ሰው በጣቱ ድምፁን የዘጋው ይመስላል። ከዚያ ተመለሰ፣ «ደህና ነኝ» አልክ። «ሥራ እንዴት ነው?» ጭልጥ። ተመለሰ። «ሥራ ጥሩ ነው።» «በላህ?» ጭልጥ። በሦስተኛው ላይ ጣቱ የዘገየ ይመስለኛል። ሴት ሳለች።

እኔ አልሰማሁም፣ ጆሮ አልተሰጠኝም። የሰሙት ሁለቱ ናቸው። እኔ ያየሁት ፊታቸውን ነው። ኢዶ ሉብናን አየቻት፣ ሉብና ኢዶን አየቻት፣ በመሐላቸው ሽቦው ተንጠልጥሏል። ሴትየዋ ደግማ ሳለች። ደረቅ ሳል ሳይሆን እንደ ቤቷ የምትስል ሴት ናት አሉ። ቀጥሎ ሹክሹክታ።

ሉብና ኢርፎኑን አውጥታ አስቀመጠችው። ኢዶ ናት «በል ደህና ሁን» ብላ የዘጋችብህ።

እሺ፣ ሳሉን እንተወው። ስለ ሕልሙ እንነጋገር። ያን ያነበብኩ ቀን ሉብናን «ነጭ ጀልባ ምንድን ነው?» አልኳት። «የምን ጀልባ?» አለችኝ። ዋርያ፣ እህቴ በክረምት ደቻቱ ሲሞላ ድልድዩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሻገረው። ውኃ ትጠላለች። ባሕር አይታ አታውቅም፣ አልማም አታውቅም። ኢዶ አጠገቧ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ እሷም «እንዲህ ያለ ነገር አልወጣትም» ብላ ምላለች።

ታዲያ ጀልባ ላይ ሆና የምትጠብቅህ ማን ናት? ከማን ጋር ነው ያምታታሃት?

እኔ ቀልደኛ ነኝ፣ ግን ይሄን እየቀለድኩ አይደለም። ወይም ትንሽ ብቻ ነው። ኢዶ ለኒካሁ የቆረጠችውን ጨርቅ ከልብስ ሰፊው መልሳ አምጥታዋለች። ሉብና ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራዋ ስትመለስ ባጃጄ ላይ ከኋላ ትቀመጥና እስከ ቤት አትናገርም። ሉብና ዝም ስትል ደግሞ እኔ የማሾፍበት ሰው አጣለሁ፣ አንተ የምታገባት ሰው ታጣለህ። እንደ ሰው መልስ ጻፍ።

ጎማውን እርሳው። ክላክስ ካለ ግን አልጠላም።

አላህ እውነቱን ያውጣው።

ፈሃድ


ጅቡቲ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፈሃድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደህና ነኝ። እናንተም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ሳሉ፣ የተከራየሁት ክፍል ግድግዳው ኮምፔርሳቶ ነው። የጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ስለ ሕልሙ፣ በደንብ ሳልይዘው ቀርቼ ይሆናል። ሰው ሲደክመው ነገር ይቀላቀልበታል።

ከአሁን በኋላ ሐሙስ ላይ የሥራ ፈረቃዬ ስለተለወጠ ባትደውሉ ጥሩ ነው። የምትሉትን ሁሉ በደብዳቤ ጻፉልኝ። እመልሳለሁ።

ለባጃጅህ ክላክስ ልኬያለሁ። ድምፁ ከፍ ያለ ነው ብለውኛል። ለሉብና ሽቶ አለ። ለኢዶ ዳሃቦ ደግሞ የመዲና ቴምር።

ዐብዲገኒ


ድሬዳዋ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዐብዲገኒ (ዐብዲገኒ ከሆንክ)፣

ሰላምታ ከአላህ ነውና አልነፍግህም፤ አሰላሙ ዐለይኩም።

ቴምሩን ኢዶ አልቀመሰችውም። «በቴምር አፍ ሊዘጋ» ብላ ለጎረቤት ሰጠችው። ሽቶው አልተከፈተም። ክላክሱን እኔ ገጥሜዋለሁ፣ በኔ በኩል ጉቦ ይሠራል። ስነፋው ለገሃር ያሉ አህዮች ይቆማሉ። «ድምፁ ከፍ ያለ ነው ብለውኛል» ማለትህ ግን ገርሞኛል። ሳትነፋው ነው የገዛኸው?

አሁን ስማኝ። ሳላሀዲንን ቤትህ ልኬው ነበር፤ ሳትሰማ እንዲያይ። መጥቶ የነገረንን ልጻፍልህ። በሩን አንኳኳ፤ ደጃፉ ላይ የሴት ጫማ አለ። በሩ ትንሽ ተከፈተና ሻሽ ያሰረች ሴት በስንጥቁ ብቅ አለች። ውስጡ ጨለማ ስለነበር መልኳን አላየም። «ዐብዲገኒ አለ?» አላት። «የምትለውን ለእኔ ንገረኝ፣ እኔ አደርስለታለሁ» አለችው። ጎረቤት ነች እንግዲህ? በግድግዳ የምትስል፣ በበር የምትከፍት፣ ቃልህን የምትቀበል ጎረቤት?

ኢዶ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም። ኢዶ ካልጮኸች ነገር አልቋል ማለት ነው።

እኔ ግን አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ መልስ ከኢዶ ተደብቄ በራሴ ስልክ ደወልኩልህ፤ ያቺ ሴት በዚያ ሰዓት አትኖር ይሆናል ብዬ። ሉብና ከኋላዬ ቆማ ነበር፣ ድምፁን ለሁለታችንም ከፍቼዋለሁ። ያወራነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦

«ዐብዲገኒ፣ ባጃጄን ሰረቁኝ» አልኩህ።

«አልሃምዱሊላህ!» አልክ።

ሉብና ሳቀች።

«ኢዶ ዳሃቦ ድልድዩ ላይ ከግመል ጋር ተጋጭታለች።»

«ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ። ሰላም በልልኝ።»

ሉብና አፏን ይዛ ሳቀች።

«ሉብና ሌላ ሰው ልታገባ ነው።»

«ማሻአላህ» አልክ፤ በደስታ ነው ያልከው። «እኔም ናፍቄያለሁ።»

እዚህ ላይ አልሳቀችም።

እኔ በሰው ስቀልድ ኖሬያለሁ፤ ቀልዴን ሰምቶ የተቆጣ አውቃለሁ፣ ሰምቶ የሳቀ አውቃለሁ። ጭራሽ ሳይሰማኝ የሚመርቀኝ ሰው ግን አላየሁም። እኛ ስናወራ ልብህ የት ነው ያለው? ወይስ ስንደውልልህ ሌላ ሥራ እየሠራህ በግምት ነው የምትመልሰው? ወይስ እውነተኛው ዐብዲገኒ ሞቶ ሌላ ሰው ነው ስልኩን የሚያነሣው? ሦስተኛውን ኢዶ ናት ያለችው፣ ግን እኔም አልሳቅኩባትም።

ፍርዱ ይኸው። ሳላሀዲን ቀጥሎ ሲወርድ ስልኩን፣ ፍሬዎቹን፣ ጅራቱንም ሽቶውንም ይዞልህ ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹም ተነግሯቸው ነገሩ ይዘጋል። እኔ ኢዶን «አንድ ደብዳቤ ብቻ» ብዬ ለምኛታለሁ። የለመንኩት ላንተ ብዬ አይደለም። ሉብና ሽቶውን ሳትከፍተው፣ ግን ሳትመልሰውም ትራሷ ሥር አድርጋዋለች።

አንዱን ደብዳቤህን በደንብ ተጠቀምበት። ቤትህ ያለችው ሴት ማን ናት?

ፈሃድ


ጅቡቲ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፈሃድ፤ ለሉብናና ለኢዶ ዳሃቦም እንድታነብላቸው፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።

ሴትየዋ ሳዶ ትባላለች። ክፍሉን ያከራየኝ ሰው ሚስት ናት፣ ከእናቴ ትበልጣለች። ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ የሚያስላት የዘይቱ ጢስ ነው። ሉብና የምትለውን የምትነግረኝ እሷ ናት።

እኔ አልሰማም።

አንዱ ጆሮዬ ጨርሶ ሞቷል። ሌላው ጥቂት ቀርቶታል፤ ሰው ጠጋ ብሎ ቀስ እያለ ከነገረኝ ይዘዋለሁ። ወደብ ላይ ከክሬኑ ሥር ቆሜ ኦፕሬተሩን በእጅ ምልክት የምመራው እኔ ነኝ። ኮንቴይነር ኮንቴይነር ላይ ሲቀመጥ ለዓመታት አጠገቡ ነበርኩ። ሥራው የእጅ ስለሆነ እዚያ ማንም አላወቀብኝም። እኔም ቀስ በቀስ ስለሄደብኝ መጀመሪያ አላወቅኩም፤ ሰዎች ማጉረምረም ያበዙ ነበር የመሰለኝ።

ሉብናን ሳጭ እሰማት ነበር። ውሸት አይደለም። የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ የነበረ ሰው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድን ትልቅ ማዳመጫ ሰጥቶኝ ነበር፤ ወፍራም ሽቦ ያለው ነው። የአሮጌው ስልኬ ቀዳዳ ላይ ሰክቼ በደህናው ጆሮዬ ላይ ስጫነው የሉብና ድምፅ አጥንቴ ድረስ ይገባ ነበር። ያ ስልክ ባሕር ገባ። አዲሱን ገዛሁ። ቤት ገብቼ የማዳመጫውን ጫፍ ይዤ ስልኩን ሳገላብጥ፣ ልክ ኢዶ ዳሃቦ እንዳደረገችው ነው ያደረግኩት። ቀዳዳውን ፈለግኩ። የሉብናን ስልክ ደግሞ አብሬ ገዝቼ ለሳላሀዲን ሰጥቼው ነበር። ነጫጮቹ ፍሬዎች ለእኔ ጥጥ ማለት ናቸው። ለእናንተ የላክሁትን አዳፕተር ለራሴም ገዝቼ ሞክሬዋለሁ፤ ለዚያ ትልቅ ማዳመጫ አቅም አጣ፣ ድምፁ ቀጠነብኝ።

ሐሙስ ሲደርስ ሌላ መንገድ አጣሁ። ሳዶ ፍሬዎቹን በጆሮዋ ታደርጋለች፤ ሉብና ስትናገር እኔ የእኛ ድምፅ እንዳይደርሳችሁ እዘጋለሁ፣ ሳዶ ጠጋ ብላ ትደግምልኛለች፣ ከፍቼ እመልሳለሁ። ዓርብ ስትደውል ሳዶ አልነበረችም። ስምህን አይቼ ደስ አለኝና አነሣሁት። ሰላምታ ይሆናል ብዬ ነው የመለስኩት።

ስለ ጀልባው ሳዶን ጠየቅኳት። «ልጅቷ ስለ ፋብሪካ ምሳ ነበር የምታወራው፤ ለሙሽራ እንዲህ አይባልም ብዬ አሳመርኩልህ» አለችኝ። ስንቱን እንዳሳመረችው አላውቅም። ሉብና ምን እንዳለችኝ አላውቅም ማለት ነው። ከሁሉ የከፋብኝ ይህ ነው።

ያልተናገርኩት ኢዶ ዳሃቦን ፈርቼ ነው። ግመል የሚገዛ ሰው አስነሥቶ ሳያስረግጥ አይገዛም። እኔ ሳነክስ እንዳልታይ ተቀምጬ ልሸጥ ፈለግኩ። አሁን ተነሥቻለሁ፤ እዩኝ።

ስልኩ የሉብና ነው፣ ሽማግሌ ቢነገረውም ባይነገረውም አትመልሱት።

ዐብዲገኒ


ድሬዳዋ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዐብዲገኒ፣ ዐብዲገኒ ለሆንከው፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ጮክ ብዬ ነው፣ ቢጠቅምህ።

ያንተን አነበብኩላቸው። «እኔ አልሰማም» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ኢዶ «ቀጥል እንጂ፣ አንተም አልሰማህም?» አለችኝ። ጨረስኩት። የሚገርመው ነገር፣ የሚቀለድበት ነገር እየፈለግኩ ነበር፣ አላጣሁምም፤ ግን አፌ አልታዘዘኝም።

መጀመሪያ የተናገረችው ኢዶ ናት። «እኔ አፉን ስጠረጥር ጆሮው ሆኖ ቀረ?» አለች። ደስ እንዳይልህ፣ አልጨረሰችም። «ሌላስ የደበቀው የለም? ዓይኑ? ጉልበቱ? ሳላሀዲን ሄዶ በደንብ ይየው። ያቺ ሳዶ የምትባለዋንም ይያት፤ ከእናቴ ትበልጣለች ያለው እውነት ይሁን አይሁን በቀን ብርሃን አይቶ ይንገረኝ» ብላለች። ስለዚህ ሳላሀዲን መጥቶ ለአዴ ሳዶ ሻሿን አውልቂ ቢላት እንዳትደነግጡ። ጨርቁ ግን ልብስ ሰፊው ጋ አልተመለሰም፣ ቁርጡን እወቀው።

እኔ ሉብናን ነበር የማየው። ተነሥታ ግቢ ወጣች። ተከተልኳት። «ትወጂዋለሽ ወይስ ትጠዪዋለሽ? ክላክሱን ልፍታው ወይስ ይቆይ?» አልኳት። አልሳቀችም።

«ፈሃድ» አለችኝ፣ «ያን ሁሉ ሐሙስ የማወራው ለማን ነበር?»

ለኢዶ ዳሃቦና ለአዴ ሳዶ ነበር ልላት አልኩና ዋጥኩት። እውነት ነው ግን። ሁለት አሮጊቶች በእናንተ ሽቦ ሲጫወቱ ከርመዋል።

ከዚያ ብዕሬን ነጠቀችኝ። ኢዶ «ምን ልትጽፊ ነው? አንብቢልኝ» አለቻት። ሉብና «ኢዶ፣ ይሄኛውን አንቺም አትሰሚውም» አለቻት። ኢዶን እንዲህ ብሎ በእግሩ የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም። ኢዶ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው።

አላህ እግርህን ያቅናልህ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ እጅ ነው። እንዳላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙራኛለች።

ፈሃድ


ዐብዲገኒ፣

ስለ ባሕር አልሜ አላውቅም። በዚያ ሐሙስ ያልኩህ እንዲህ ነበር፦ ምሳ ስንበላ ከምስሩ ውስጥ ድንጋይ ነክሼ የፊት ጥርሴ ተሸረፈ። ስስቅ ይታያል። ደፍሬ ነው የነገርኩህ። አንተ «ማሻአላህ፣ እንዴት ደስ ይላል» አልከኝ። ያን ቀን አለቀስኩ።

በጆሮህ አልተናደድኩም። ምን እንዳልኩ ሳታውቅ ስትመልስልኝ በመክረምህ ነው የተናደድኩት። ገና አልበረደልኝም።

ሽማግሌዎቹን ኢዶ እንዳትጠራ ብያታለሁ። ኒካሁ በቀኑ ይሁንም አልልም። መጀመሪያ አንተ ና። ኢዶ ፊት ተቀመጥ። የነገርኩህን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግርሃለሁ፣ የጥርሱንም፣ ሌላውንም። ካልያዝከው እደግምልሃለሁ። «አዎ» የምትለኝ ስትሰማ ብቻ ነው፤ ካልሰማህ «አልሰማሁም» በለኝ።

ከመምጣትህ በፊት ግን ይህን ለሳላሀዲን ነግረህ ላክልኝ። የሚሰማው ጆሮህ የቀኙ ነው የግራው? በየት በኩል እንደምቀመጥ ልወቅ።

ሉብና